ሟች ያልነበረው ለቅሶ

በደብረ ብርሃን ቧንቧ ሰፈር ስብሰባ ተጠርቶ ሰው ሲለግም ሽማግሎቹ የሚወረውሯት አንዲት አባባል አለች። የሰፈሩ ልጆች ከጥንት ከአያት ቅድመ አያት የመጣች ይመስላቸዋል። አይደለችም። የተወለደችበት ቀን ይታወቃል፤ ኅዳር ውስጥ በዋለ አንድ ቅዳሜ፣ ረፋድ ላይ ነው። ያዋለዷትም ሰዎች ይታወቃሉ፤ አንድ ጡሩንባ ነፊና አንዲት አፏ የማይፈታላት ልጅ ናቸው።

የልጅቷ ስም የትምወርቅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሂሳብ አያያዝ ተምራ፣ ወደ ተወለደችበት ሰፈር ተመልሳ በአንድ ዱቄት ፋብሪካ ተቀጥራ ትሠራለች። ሰላምታዋን ለመስማት ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። ይህች ልጅ ናት እንግዲህ፣ ከዚያ ቅዳሜ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ የእትዬ ዘነበወርቅን የቆርቆሮ በር ያንኳኳችው።

እትዬ ዘነበወርቅ የበግ ፀጉር እየፈተሉ፣ ፈትሉን ለሠሪዎች እየሸጡ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። በሩን ከፍተው ደብተሩን ሲያዩ ልጅቷን አንድ ቃል አላስተነፈሷትም።

«እሰይ፣ መጣሽልኝ! ባለፈው ወር ስትመጡ ገበያ ወጥቼ ነው ያጣችሁኝ። ግቢ፣ ግቢ፣ ከጓሮ ነው።»

«እትዬ፣ እኔ እንኳ…»

«ውሻ የለኝም፣ አትፍሪ።»

ክንዷን ይዘው በልብስ ማጠቢያው ጎን አሳልፈው ወሰዷትና ከመብራት ቆጣሪው ፊት አቆሟት። የትምወርቅ ቆጣሪ አንባቢ አለመሆኗን መናገር ነበረባት። ልትናገርም አፏን ከፍታ ነበር። ግን እትዬ ዘነበወርቅ ቆጣሪውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ተስፋ በሞላው ዓይን እያዩዋት ነው። ጎንበስ አለችና ቁጥሩን አንብባ በደብተሯ ጻፈችው።

«ስንት መጣብኝ?»

የትምወርቅ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «እትዬ፣ የጥሩነሽ ልጅ ነኝ። የመጣሁት የቁጠባና ብድር ማኅበር እንድንመሠርት ስለፈለግሁ ነው። ለመመዝገብ።»

እትዬ ዘነበወርቅ አፈጠጡባት። «ታዲያ ቆጣሪዬን ማን አንብቢ ብሎሽ አነበብሽው?»

«እርስዎ አንብቢ አሉኝ።»

ባልቴቷ ሆዳቸውን ይዘው እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሲበቃቸው ዓይናቸውን ጠርገው «ነይ አረፍ በይና እስቲ ስለ ማኅበርሽ ንገሪኝ» አሏት። «ግን ጮክ ብለሽ። እንዲህ በሹክሹክታ ሰፈር አይመሠረትም።»

ነገረቻቸው። ነገሩ ቀላል ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ሆኖ በየወሩ አቅሙ የፈቀደውን ያስቀምጣል፤ ከተጠራቀመው ላይ የቸገረው ወይም ሥራ ልጀምር ያለው ይበደራል፤ ቀስ እያለ ከትንሽ ወለድ ጋር ይመልሳል፤ ወለዱም ለሁሉም ይሆናል። ለምን ይህን ያህል እንደምትደክምበት ግን የትምወርቅ አልነገረቻቸውም። እሷ ዩኒቨርሲቲ የገባች ዓመት እናቷ ለአውቶቡስና ለብርድ ልብስ ብለው ከአራጣ አበዳሪ ተበድረው፣ ክረምት ሲገባ የስፌት መኪናቸውን አስረክበው ነበር። የመኪናው ጠረጴዛ እስከ ዛሬ ባዶውን መስኮቱ ሥር ቆሟል።

እትዬ ዘነበወርቅ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ ሆኑ። ከእሳቸው በኋላ ግን ነገሩ አልገፋ አለ።

አቶ ደምሰው የሚባሉት የኅብረት ሥራ ባለሙያ አርባ መሥራች አባላት ባንድ ቦታ ተሰብስበው፣ ደንቡን ሰምተው መፈረም እንዳለባቸው አስረግጠው ነግረዋታል። በመጀመሪያው ስብሰባ አሥራ አንድ ሰው መጣ። በሁለተኛው ዘጠኝ መጣ፤ ከዘጠኙም ሁለቱ ዝናብ ሊያሳልፉ የተጠጉ መንገደኞች ነበሩ።

ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ አንድ ሰው ናቸው ብትል ውሸት አይሆንባትም ነበር። እሳቸውም የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ወንድይራድ ናቸው። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ክፉ ቢሆኑማ ነገሩ ቀላል ነበር። ጋሽ ወንድይራድ ባሕር ዛፍ ነጋዴ ናቸው። ሰፈሩ ውስጥ ጣራ ቢያፈስ፣ ላም ብትሞት፣ ልጅ ቢታመም ከኪሳቸው አውጥተው ያለ ወለድ የሚያበድሩ እሳቸው ናቸው። የትምወርቅ ደጃቸው ሄዳ ስትለምናቸው «ልጄ፣ ለሞቱ ዕድር አለን፣ ለድግሱ ዕቁብ አለን፣ ለችግሩ ደግሞ እኔ አለሁ። አራተኛ ምን ያስፈልጋል?» አሏት። መልስ ነበራት። ከበራቸው ወጥታ ግማሽ መንገድ ከሄደች በኋላ ነው የመጣላት።

ሰውም «ጋሼ ያልገቡበት ለምን እገባለሁ?» አለ።

ሦስተኛው ቀጠሮ ያቺ ቅዳሜ ነበረች። አቶ ደምሰው አራት ሰዓት ሳይሞላ እመጣለሁ ብለዋል። የትምወርቅ በማለዳ ተነሥታ የዕድሩን ዕቃ ቤት ግቢ ጠረገች። ግቢው ከጋሽ ወንድይራድ አጥር ጋር የተያያዘ ነው፤ ደጁም አንድ ነው። ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ማንም የለም። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን የመጡት የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የሚይዙት ጋሽ ሽብሩ ብቻ ናቸው። ጋሽ ሽብሩ የዕድሩ ጡሩንባ ነፊ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን መርዶ ያሰሙት እሳቸው ናቸው።

«ጋሽ ሽብሩ፣ ሰው የሚመጣ አይመስለኝም።»

«በወረቀት ጠርተሽ ማን ይምጣ? ቧንቧው ላይ የለጠፍሽውን ወረቀት ፍየል ስትበላው ባይኔ አይቻለሁ።»

«በየቤቱም ዞሬያለሁ።»

«አንቺ ዞረሽ! ድምፅሽን እቤትሽ ትተሽ ነው የምትዞሪ።» ጋሽ ሽብሩ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። «እኔ ስነፋ ግን አንድ ሰው ቀርቶ አያውቅም። ሥራ አለኝ የለ፣ እግሬን አመመኝ የለ፣ ከጎረቤቴ ተጣልቻለሁ የለ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣል።»

የትምወርቅ ቀና ብላ በዕቃ ቤቱ በር ላይ የተንጠለጠለውን ጡሩንባ አየች። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ታዲያ ዛሬ ቢነፉልንስ?»

«ምን አልሽ?»

«ቢነፉልን። ነፋ ያደርጉና ወዲያው ስብሰባ ነው ይላሉ። ሞት አይደለም፣ ስብሰባ ነው ይላሉ።»

ጋሽ ሽብሩ ዞር ብለው ወደ ጋሽ ወንድይራድ ቤት ተመለከቱ። ዳኛው ብርድ መቷቸው ከተኙ ሁለት ሳምንታቸው ነው። «ዳኛው ሳይፈቅዱ?»

«ኃላፊነቱ የእኔ ነው።»

ይህን ያለችው በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ ነበር። ጋሽ ሽብሩ ግን ሰሟት፤ ፊታቸውም ቀስ በቀስ በራ። «ታውቂያለሽ የትሜ፣ ሠላሳ ዓመት መርዶ ብቻ ነው የነፋሁበት። አንድ ቀን እንኳ ደስ ያለው ነገር ብነፋበት ምናለ እያልኩ፣ ስንቴ አስቤያለሁ መሰለሽ!» ጡሩንባውን ከሚስማሩ አወረዱ፤ አፉን በካፖርታቸው ጠረጉ፤ ዳገቱንም እንደ ጎረምሳ ተያያዙት።

ሁለቱም አንድ ነገር ዘንግተው ነበር። በቧንቧ ሰፈር ጡሩንባ ከተነፋ ሰው ቃል አይጠብቅም። መጀመሪያ ነጠላውን ወይም ጋቢውን ይፈልጋል፤ ማን እንደሞተ መንገድ ላይ ይደርስበታል። በዚያ ሰሞን ደግሞ መጠየቅም አያስፈልግም ነበር። ጋሽ ወንድይራድ ታመዋል፤ ደጃቸው ላይ ሲቀመጡባት የሚውሉባት ዱካ ባዶ ከሆነች ሁለት ሳምንቷ ነው። የመጀመሪያው የጡሩንባ ድምፅ ገና ከዳገቱ ሳይወርድ ሰፈሩ ሁሉ በልቡ ገንዟቸው ነበር።

«ስብሰባ ነው! ኑ ውጡ፣ ስብሰባ ነው!» ይላሉ ጋሽ ሽብሩ ከዳገቱ ላይ። ነፋሱ ቃላቸውን ወደ ማዶ ይወስደዋል። እሳቸው የሚያዩት በሮች ሲከፈቱ፣ ሰው ከየቤቱ ሲወጣ ነው። ሰው በወጣ ቁጥር ደስ ይላቸዋል፤ ደስ ባላቸው ቁጥር አጥብቀው ይነፋሉ። አጥብቀው በነፉ ቁጥር ሌላ በር ይከፈታል።

የትምወርቅ ደጁ ላይ ቆማ ከታች የሚመጡትን ቆጠረች። አምስት። አሥራ ሁለት። ሃያ ስምንት! ደብተሯን ከፈተች። ሰዎቹ ቀረብ ሲሉ ግን ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። አንዷ ጉንጯን ይዛለች። ባለጋሪው ጌጡ ፈረሷን እያስጋለበ መጣና ጋሪው ሳይቆም ዘሎ ወርዶ ደረቱን መታ።

«ወየው ጋሼ! ወየው አባቴ! ማንን ትተህልኝ!»

«አይ፣ ጌጡ፣ ስብሰባ…» አለች የትምወርቅ።

አልሰማትም። ማንም አልሰማትም። የዕድሩ ተረኞች እየሮጡ ደረሱ፤ «ቁልፍ! ቁልፍ የት አለ?» ተባባሉ፤ ጋሽ ሽብሩ ክፍቱን ትተውት በሄዱት በር ገብተው ድንኳኑን ጎትተው አወጡ። አንዱ ካስማ ይመታል፣ አንዱ ገመድ ይስባል፣ አንዱ አግዳሚ ወንበር ሁለት ሁለት ተሸክሞ ይመጣል። ማንም ማንንም አላዘዘም። ብረት ድስቱ ተደረደረ፤ የቀብር አስፈጻሚው ቄስ የሚጠራ ሰው ላከ። የትምወርቅ ሁለት ወር ሙሉ ለምናው ያልተንቀሳቀሰው ሰፈር፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ መቶ ሃምሳ ሰው የሚያስቀምጥ ድንኳን ተክሎ፣ ወንበር ደርድሮ፣ ቁጭ ብሎ ያለቅስ ጀመር።

አቶ ደምሰው የደረሱት በዚህ መካከል ነው። ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው በድንኳኑ አፍ ብቅ ሲሉ ቆባቸውን አወለቁና ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እንደ ወጉ ጥቂት አቀርቅረው ቆዩ። ከዚያም የትምወርቅን በዓይናቸው ጠሩና በለሆሳስ «እግዜር ያጥናችሁ። ምን ይደረጋል፣ የዛሬው ስብሰባ ቀረ ማለት ነው» አሏት።

«ሌላ ቀን ሊሆን ይችላል?»

«እኔ እንኳ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሬያለሁ። ዛሬ ካልተፈረመ ፋይላችሁ ይዘጋል። እንደገና ከአንድ መጀመር ነው፤ ምናልባት በሚቀጥለው ዓመት።»

ከአንድ መጀመር! ሰውዬው የሚሉት እውነት ነው። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ከምትፈልጋቸው በሦስት እጥፍ ይበልጣሉ፤ የሚያስፈርመው ባለሙያ ከነወረቀቱ መጥቷል፤ ግን የመጡት ለሌላ ነገር ነው። የትምወርቅ ልትናገር አሰበችና ሳትናገር ደብተሯን ዘጋች።

በዚህ ጊዜ እትዬ ዘነበወርቅ ከሴቶቹ መሐል ተነሥተው በጋሽ ወንድይራድ መስኮት ትይዩ ቆሙ። ሙሾ ማውጣት ያውቁበታል። ሰፈሩ ፀጥ አለላቸው።

«ቤቴን ነፋስ ሲገፍፍ፣ አንተ አለበስከው፤
እንግዲህ ቢገፈፍ፣ ለማን ልንገረው?»

ለቅሶው እንደ አዲስ ፈላ። ሦስት ዓመት ይሆነዋል፤ የነሐሴ ነፋስ የባልቴቷን ጣራ ወስዶት ቆርቆሮውን የገዙላቸው ጋሽ ወንድይራድ ናቸው። ይህን የማያውቅ የለም። ብዙው ሰው የየራሱን ጣራ፣ የየራሱን ላም፣ የየራሱን ልጅ አስታውሶ አለቀሰ። ጌጡማ መሬት ላይ ተንበረከከ፤ ፈረሷን የገዛበት ብር ከማን እንደመጣ ያውቃል።

ያኔ በሩ ከፈት አለ።

ጋሽ ወንድይራድ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በትራቸውን ይዘው፣ ጺማቸው አድጎ በሩ ላይ ቆሙ። ለቅሶው ከፊት ወደ ኋላ እየተቆረጠ ሄደ። የመጨረሻዎቹ ለቀስተኞች ከድንኳኑ ጀርባ ትንሽ አልቅሰው ዝም አሉ። አንዲት ሴት አማተበች።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ ጋሽ ወንድይራድ።

ከሁሉ ቀርበው የቆሙት እትዬ ዘነበወርቅ፣ ሌላ የሚሉት ቢያጡ፣ «እርስዎ» አሉ።

«እኔ?»

«ጡሩንባ ተነፋ እኮ።»

በዚያች ቅጽበት ጋሽ ሽብሩ ፊታቸው በላብ ተነክሮ፣ ጡሩንባቸውን ወደ ላይ እንደያዙ በሩጫ ደረሱ። «የትሜ፣ አላልኩሽም! አንድ ሰው አልቀረም! አንድ!» አሉ። ከዚያ ፊቶቹን አዩ። ከዚያ ድንኳኑን አዩ። ከዚያ ደግሞ በሩ ላይ የቆሙትን ዳኛ አዩ፤ ጡሩንባውም ቀስ ብሎ ዝቅ አለ።

«በሞት ይቀለዳል?» አለ አንዱ።

«ልቤ ሊቆም ነበር እኮ! እንጀራዬን እሳት ላይ ትቼ ነው የወጣሁ!»

«ይቀጣ! ጡሩንባው ይወሰድበት!» ጌጡ ተፈናጥሮ ተነሥቶ ጡሩንባውን ጨበጠ። ጋሽ ሽብሩ አልለቅም አሉ። «ስብሰባ ነው ብዬ ነው የነፋሁ! ስብሰባ ነው ብያለሁ!» የሚሰማቸው ግን የለም። የዕድሩ ደንብ ይታወቃል፤ ያለ ሞት ጡሩንባ የነፋ ጡሩንባውን ያስረክባል። የሠላሳ ዓመት ክብራቸው በጌጡ እጅና በእሳቸው እጅ መካከል ይጎተታል።

«እኔ ነኝ» አለች የትምወርቅ።

አልተሰማም።

አግዳሚ ወንበር ላይ ወጣች። «እኔ ነኝ ያስነፋሁት!»

ድምፁ ለራሷም እንግዳ ነበር። መቶ ሃምሳ ፊት ወደ እሷ ዞረ። «የማን ልጅ ናት?» ያለ ሰው ነበር። «የጥሩነሽ ናት! የጥሩነሽ ልጅ እኮ ናት! ይህን የመሰለ ድምፅ ኖሯት ነው?» ያለም ነበር።

አልወረደችም። «ጋሽ ሽብሩን ልቀቋቸው። ንፉ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ስብሰባ ነው በሉ ያልኳቸውም እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ጠርቻችሁ አልመጣችሁም። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። የሚያስፈርሙን ሰውዬ እዚያ ጋ ተቀምጠዋል።»

ሰዉ ሁሉ ወደ አቶ ደምሰው ዞረ። አቶ ደምሰው ባይሰናዱም ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጅ ነሱ።

«ቅጣቱ የእኔ ነው። ጋሽ ወንድይራድ፣ ይቅርታዎን እለምናለሁ።» ወረደች።

ጋሽ ወንድይራድ ዱካቸው ድረስ ቀስ ብለው ሄደው ተቀመጡ። በበትራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። ሰፈሩ ፍርድ ይጠብቃል።

«ዘነበወርቅ» አሉ።

«አቤት።»

«ቅድም ያልሽውን እስቲ ድገሚው።»

«ኧረ ጋሽዬ! በቁምዎ? ነውር ነው።»

«አንዴ ብለሽዋል፤ ድገሚው።»

እትዬ ዘነበወርቅ አንገታቸውን ሰብረው፣ እንደ ወሬ ነጋሪ ያለ ዜማ ደገሙት። ጋሽ ወንድይራድ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁት። አልዋሽም፣ ስሜ ሲነሣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ስለ ራሱ እንዲህ ሲባል የሚሰማ ሰው ስንት ነው?» ጥቂቶች ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ሁለተኛዋ ስንኝ ስትመጣ ግን ብርድ ልብሱ ከበደኝ። ለማን ትንገረው? እውነቴን ነው፤ ዛሬ ሞቼ ቢሆን ይህች ሴት ወዴት ትሄዳለች? አራጣ አበዳሪው ደጅ አይደለም? እናንተስ ብትሆኑ?» ወደ የትምወርቅ ዞሩ። «ነይ ልጄ። ይህ ያንቺ ማኅበር ይሞታል?»

መልሱ በዚህ ጊዜ መንገድ ላይ አልቀረም።

«ሰው ይሞታል፤ ሌላ ሰው ይገባል። ማኅበሩ ይቀጥላል።»

«ከእኔ ይበልጣላ» አሉ ጋሽ ወንድይራድ። «እንግዲያ ወረቀቱን አምጪ። ሽብሩንም ልቀቁት፣ ጡሩንባውን ይያዝ። ድንኳኑ እንዳይፈርስ! አንዴ ተተክሏል።»

ከዚያ በኋላ የሆነው በአንድ ትንፋሽ የሚተረክ አይደለም። አቶ ደምሰው ደንቡን ሲያነቡ አንዱ አቋርጦ ይጠይቃል፣ ሌላው በጠያቂው ይስቃል። «ባል የማያውቀው ቁጠባ ይፈቀዳል?» አለች አንዲት ሴት። ባሏ ከጎኗ ነበር፤ ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። የቀብር አስፈጻሚው የላከባቸው ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ደረሱና ሟቹን በብዕር ሲፈርሙ አገኟቸው፤ አማትበው እሳቸውም ተቀመጡ። ጋሽ ወንድይራድ አንደኛ ፈረሙ፤ እትዬ ዘነበወርቅ በጣታቸው አተሙ፤ ጋሽ ሽብሩ ስማቸውን በትልልቁ ጽፈው ከጎኑ ጡሩንባ ለመሳል ሲሞክሩ የትምወርቅ በዘዴ ወረቀቱን ወሰደችባቸው። እሷ እየሮጠች ትጽፋለች፣ ታስፈርማለች፣ ቁጥሩን ጮክ ብላ ትናገራለች። አሥራ ስድስት! ሃያ ሰባት! ሠላሳ አምስት!

ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ቆመ።

ድንኳኑ በጀርባው በኩል ሲሳሳ ማንም ልብ አላለም ነበር። «ሚስቴን ላማክር» ያለ ሄዷል። «ገበያው እንዳያልፈኝ» ያለች ሄዳለች። እንጀራዋን እሳት ላይ የተወችውማ ቀደም ብላ ነው የበረረችው። የቀሩት የትምወርቅን ራሷን ጨምሮ የፈረሙት ናቸው፤ ቄሱም የሌላ ሰፈር ሰው ሆነው ተገኙ። አቶ ደምሰው ሰዓታቸውን አዩ፤ ወረቀታቸውን አስተካከሉ፤ የቦርሳቸውን ዚፕ እስከ ግማሽ ሳቡት። «አንድ ሰው ብቻ» አሉ አዝነው። «ግን አንድም ቢሆን ጎደለ ነው።»

የትምወርቅ ዘወር ዘወር ብላ ፈለገች። ከደጁ ውጪ ጌጡ ጋሪው ላይ ወጥቶ ልጓሙን እያስተካከለ ነው።

«ጌጡ!» ብላ ጮኸች፤ በዚያ ቀን ሁለተኛዋ ጩኸቷ ናት። «አልፈረምክም!»

«ሌላ ቀን እህቴ! ፈረሷ በርዷታል!» ብሎ አለንጋውን አነሣ።

ሁለት ሳምንት ተኝተው የቆዩት ጋሽ ወንድይራድ ከዱካቸው እንዴት እንደተነሡ ያየ የለም። ሰው ሲያይ ጋቢያቸው መሬት ወድቆ፣ እሳቸው ከጋሪው ፊት ቆመው፣ የፈረሷን ልጓም ይዘዋል።

«አንተ ጌጡ፣ ለእኔ ስትመጣ እያስጋለብካት አልነበር? ያኔ አልበረዳትም?»

«ጋሼ፣ ጭነት የሚጠብቀኝ ሰው አለ።»

«ሞቼ ቢሆንስ? ቀኑን ሙሉ አትውልም ነበር?»

«እሱማ እንዴታ! ለቀብርማ ግድ ነው።»

ጌጡ ያለውን ራሱ ሰማው መሰለኝ አንገቱን ደፋ። ከጋሪው ወርዶ ተመለሰና አርባኛ ሆኖ ፈረመ፤ አቶ ደምሰውም ፋይሉን ይዘው ሄዱ፤ ማኅበሩ በጥር ሥራ ጀመረ፤ ቧንቧ ሰፈርም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለስብሰባ የሚለግም ሰው ባየ ቁጥር፣ ጋሽ ወንድይራድ የፈረሷን ልጓም እንደያዙ ለጌጡ ያሏትን ይላል፦ «ለለቅሶ የወጣ እግር፣ ለኑሮ አይቅር።»